አስር ግራም ዱቄት ለአንድ ቶን ውኃ፦ የፓምፕ ወጪ የሚቀንሰው የት ነው? የማይቀንሰውስ?



ዛሬ የቡናም የሰሊጥም ዋጋ አንለጥፍም። ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ስለሚከፈል አንድ ወጪ እናውራ፤ ፈሳሽን በቧንቧ ስለመግፋት። መስኖ ያላችሁ ዩኒየኖች በየቀኑ ናፍጣ የምታቃጥሉት ለዚሁ ነው። ቡና የምታጥቡም እንደዚያው። ሐረር ላይ መጋዘን ወይም ሆቴል ያላችሁ ደግሞ ውኃችሁ ከቆላ ተገፍቶ፣ ደጋ ወጥቶ የሚመጣ ሸቀጥ መሆኑን ታውቃላችሁ።

በዓለም ገበያ ላይ «ሰበቃ ቀናሽ» የሚባል ዱቄትና ፈሳሽ ይሸጣል። «በአንድ ቶን ውኃ ላይ አስር ግራም ጨምሩ፣ የቧንቧው ሰበቃ በግማሽ ይወርዳል» ይባላል። ማጭበርበሪያ ይመስላል፣ ግን እውነት ነው። ችግሩ «ሰበቃ በግማሽ ይወርዳል» ማለትና «ወጪያችሁ በግማሽ ይወርዳል» ማለት አንድ አለመሆናቸው ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያልለየ ሰው ገንዘቡን ይበላል። ዛሬ ይሄንን እንለያለን።

◾ ነገሩ ከየት መጣ?

በ1948 እ.ኤ.አ. ቶምስ የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት ኔዘርላንድ ውስጥ በተደረገ ጉባኤ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ውጤት አቀረበ። የፕሌክሲግላስ መስታወት ከሚሠራበት ፕላስቲክ ጥቂት ወስዶ በፈሳሽ አሟሟው። ፈሳሹ በዚህ የተነሳ በመጠኑ ወፈር አለ። ወፍራም ነገር በቧንቧ ውስጥ ዝግ ብሎ ይሄዳል ብለን ነው የምንጠብቀው። እሱ ግን በዚያው ግፊት ከንጹሑ ፈሳሽ ይልቅ የተደባለቀው ፈጥኖ ሲወርድ አየ። ዛሬም ድረስ ነገሩ በሳይንስ «ቶምስ ኢፌክት» ይባላል።

ለምን እንደሚሆን ለመረዳት መጀመሪያ ፈሳሽ ቧንቧ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ እንይ።

◾ ጸጥ ያለ ፍሰትና የተረበሸ ፍሰት

ማር ከማንኪያ ሲወርድ አይታችኋል። ጸጥ ብሎ፣ ክር ሆኖ ይወርዳል። ክረምት ላይ የኤረር ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ይሽከረከራል፣ ይጋጫል፣ ወደኋላም ወደጎንም ይላል። የመጀመሪያው ጸጥ ያለ ፍሰት ነው። ሁለተኛው የተረበሸ ፍሰት፣ በውጭው አጠራር ተርቡለንት ይባላል።

በ1883 እ.ኤ.አ. ኦዝቦርን ሬይኖልድስ የተባለ የማንችስተር ፕሮፌሰር በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ቀለም እየለቀቀ ሁለቱን ለይቶ አሳየ። ለውኃ ስሌቱ ቀላል ነው። ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ፣ የቧንቧውን ስፋት በሜትር ውሰዱ፤ አባዙና በአንድ ሚሊዮን አባዙት። ውጤቱ ከ2,000 በታች ከሆነ ፍሰቱ ጸጥ ያለ ነው። ከ4,000 በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የተረበሸ ነው። የ3 ኢንች የመስኖ ቧንቧ ስፋቱ 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ውኃው በሰከንድ 1 ሜትር ቢሄድ ቁጥሩ 75,000 ይሆናል። ስለዚህ እናንተ የምታውቁት የፓምፕ ውኃ በሙሉ ማለት ይቻላል የተረበሸ ነው።

ይሄ ደግሞ ያስከፍላል። ውኃው ወደፊት መሄድ ሲገባው በግድግዳው አጠገብ አዙሪት እየሠራ ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል። ፍጥነቱን በእጥፍ ብታሳድጉት ሰበቃው በእጥፍ ሳይሆን ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። የምታቃጥሉት ናፍጣ ከፊሉ የሚሄደው ለእነዚህ አዙሪቶች ነው።

◾ ዱቄቱ ምን ይሠራል?

ዱቄቱ ፖሊመር ይባላል። ፖሊመር ማለት በሺህና በአስር ሺህ የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ቀለበቶች የተያያዙበት ረጅም ሰንሰለት ነው። ውኃ ውስጥ ሲገባ እንደ ፈትል ልቃቂት ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ውኃው ጸጥ ያለ ከሆነ ልቃቂቱ ዝም ብሎ አብሮ ይሄዳል፤ ምንም ጥቅም አይሰጥም። በግድግዳው አጠገብ አዙሪት ሲነሳ ግን ልቃቂቱን ይስበዋል፣ ይዘረጋዋል። የተዘረጋው ሰንሰለት እንደ ላስቲክ መልሶ ይጎትታል። በዚህ መሀል አዙሪቱ ጉልበቱን ይነጠቃል፣ ሳያድግም ይሞታል። አዙሪት ሲያንስ ሰበቃ ያንሳል፣ ያው ፓምፕ ብዙ ውኃ ይገፋል።

የሚገርመው መጠኑ ነው። በአንድ ሜትር ኩብ ውኃ፣ ማለትም በአንድ ቶን፣ ከ5 እስከ 50 ግራም ይበቃል። ጥሩ ሁኔታ ላይ ሰበቃው እስከ 70 እና 80 በመቶ ሊወርድ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ግን ጣሪያ አለው። ዱቄት በጨመራችሁ ቁጥር ፈሳሹ ይወፍራል እንጂ ሰበቃው ከዚያ አይወርድም።

ሌላም ድክመት አለው። ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የፓምፕ ምላጭ ውስጥ ካለፈ ተቆራርጦ ይወጣል፤ አጭር ሰንሰለት ደግሞ ዋጋ የለውም። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከፓምፑ በኋላ የሚጨመረው። መንገድ ላይ ሌላ ፓምፕ ካለ ከእሱም በኋላ እንደገና መጨመር አለበት።

◾ ለሐረር ውኃስ?

ሐረር ለረጅም ዓመታት ውኃዋን ከሐረማያ ሐይቅ ታገኝ ነበር። ሐይቁ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ደረቀ። ከዚያ በኋላ በድሬዳዋ በኩል፣ ድሬ ጃራ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውኃው 75 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እንዲመጣ ተደረገ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሐረማያ ደጋ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ውኃው ሐረር ከመድረሱ በፊት 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል።

አሁን ብር እናስላ። አንድ ቶን ውኃ 800 ሜትር ለማንሳት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ፓምፑ 70 በመቶ ብቁ ነው ብንል 3.1 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይሄ ለከፍታው ብቻ ነው። ለሰበቃው ደግሞ ለምሳሌ በየኪሎ ሜትሩ 3 ሜትር ይጠፋል እንበል። ለ75 ኪሎ ሜትር 225 ሜትር ነው። እሱም ወደ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። በድምሩ 4 ኪሎዋት ሰዓት።

ዱቄቱ ሰበቃውን በግማሽ ቀነሰ እንበል። የተረፈው 0.45 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከጠቅላላው 11 በመቶ። «በግማሽ ይወርዳል» የተባለው 11 በመቶ ሆኖ ቀረ! ለምን? ሸክም ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው ጫማው ቢለሰልስለት እርምጃው ይቀለዋል እንጂ ጆንያው አይቀልለትም። ፖሊመር የሚያቀለው መንገዱን ነው። ክብደቱን አይነካም።

በዚያ ላይ ውኃው በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ በፓምፕ ቢገፋ ዱቄቱ ሦስት ጊዜ ይጨመራል። ለአንድ ቶን 30 ግራም ማለት ነው። እንግዲህ ነጋዴ ናችሁ፤ 30 ግራሙ ከ0.45 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ካልረከሰ ኪሳራ ነው።

የጤናውም ጉዳይ አለ። በብዛት የሚሸጠው ሰበቃ ቀናሽ ፖሊአክሪላማይድ ነው። ከምርቱ የሚተርፈው አክሪላማይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ጎጂ ስለሆነ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ0.5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ስለዚህ ሰው የሚጠጣው ውኃ ላይ ማንም ተነስቶ የሚጨምረው ነገር አይደለም።

አንድ ነገር እንጨምር። ሐረማያ ሐይቅ ከደረቀባቸው ምክንያቶች አንዱ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ውኃው ያለ ልክ መሳቡ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ ውኃ መልሶ ይዟል። የመግፊያ ወጪ ቢረክስ ውኃው አይበዛም፤ እንዲያውም ቶሎ ያልቃል። ርካሽ ፓምፕ ያለ ስምምነት ምን እንደሚያደርግ ሐረርጌ አይታለች።

◾ ዩኒየኖች፣ የራሳችሁን ፓምፕ እንዲህ መዝኑ

«ናፍጣህን 70 በመቶ ይቀንሳል» የሚል ሻጭ ቢመጣ፣ ከመከራከር መለካት ይሻላል። የሚያስፈልገው አንድ የግፊት መለኪያ ብቻ ነው።

1ኛ. መለኪያውን ከፓምፑ ቀጥሎ፣ ውኃ ወደኋላ እንዳይመለስ ከሚያግደው ቫልቭ በኋላ ግጠሙ።

2ኛ. ቧንቧው ውኃ እንደሞላ ፓምፑን አጥፉ። መለኪያው አሁን የሚያሳየው የከፍታውን ግፊት ነው። 1 ባር ማለት 10 ሜትር ከፍታ ገደማ ነው።

3ኛ. ፓምፑን አስነሱና እንደገና አንብቡ። የጨመረው የሰበቃው ድርሻ ነው። (ይሄ ውኃው ወደ ቦይ ወይም ወደ ገንዳ በነጻ ለሚፈስበት ነው። መርጫ ካላችሁ ለመርጫው የሚያስፈልገውን ግፊት ቀንሱ።)

ምሳሌ፦ ሲቆም 4 ባር፣ ሲሠራ 5 ባር ካነበባችሁ የሰበቃው ድርሻ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ዱቄቱ በተአምር ሰበቃውን ሁሉ ቢያጠፋ እንኳ ከ20 በመቶ በላይ አታተርፉም። ሲቆም 1 ባር፣ ሲሠራ 5 ባር ከሆነ ግን ከአምስት አራቱ እጅ ሰበቃ ነው። ያኔ መነጋገር ይቻላል።

ያኔም ቢሆን ከዱቄቱ በፊት ቧንቧውን እዩ። ያንኑ ያህል ውኃ ለማሳለፍ፣ የቧንቧው ስፋት ትንሽ ሲጨምር ሰበቃው በጣም ይወርዳል፤ በስፋቱ አምስተኛ ርቢ ልክ ነው። ከ2 ኢንች ወደ 3 ኢንች ብትቀይሩ ሰበቃው ወደ አንድ ሰባተኛ ይወርዳል። ዱቄቱ በየቀኑ ይገዛል፣ ቧንቧ አንድ ጊዜ ይገዛል። ለአብዛኛው የመስኖ ማኅበር መልሱ ሰፋ ያለ ቧንቧ ነው።

◾ ታዲያ የት ነው የሚያዋጣው?

ቧንቧው ተቀብሮ መቀየር በማይቻልበት፣ መንገዱ ረጅም በሆነበት፣ ውስጡ የሚያልፈውም ዕቃ ውድ በሆነበት። ዋናው ምሳሌ የአላስካ የድፍድፍ ነዳጅ መስመር ነው። ርዝመቱ 1,287 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 48 ኢንች። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖሊመር እየተጨመረበት አዲስ የፓምፕ ጣቢያ ሳይሠራ ብዙ ድፍድፍ ማሳለፍ ተችሏል። ዛሬ በብዙ አገር የቤንዚንና የናፍጣ መስመሮች ይሄ የተለመደ ሥራ ነው።

እኛ አገር ነዳጅ ከጅቡቲ የሚመጣው በቦቴ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ቧንቧ ለመዘርጋት ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ አልተሠራም። አንድ ቀን ከተሠራ የማሳለፍ አቅሙን ከሚያሳድጉት መሣሪያዎች አንዱ ይሄ ነው። ለአውሮፕላን ነዳጅ ግን አይፈቀድም። ስለዚህ በአንድ ቧንቧ ናፍጣም የአውሮፕላን ነዳጅም ተራ በተራ የሚልክ ሰው ሁለቱ እንዳይነካኩ መጠንቀቅ አለበት።

ሁለተኛው ቦታ እሳት ማጥፊያ ነው። የኒውዮርክ እሳት አደጋ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ የሚባል ፖሊመር በውኃው ላይ መጨመር ሞክሮ፣ በ2.5 ኢንች ጎማ የሚያልፈውን ያህል ውኃ በ1.75 ኢንች ጎማ ማሳለፍ ቻለ። ቀጭን ጎማ ማለት አንድ ሰው ብቻውን ደረጃ ይዞት የሚወጣው ጎማ ነው።

ይሄኛው በቀጥታ ጁገልን ይመለከታል። አምስቱ ጥንታዊ በሮች ያሉት፣ በግንብ የታጠረው የጁገል ከተማ 48 ሄክታር ያህል ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ውስጡ ብዙው መንገድ መኪና አያስገባም፤ አንዳንዱ ጋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ካለፈ ተመስገን ነው። እዚያ ውስጥ ሱቅ አለ፣ ቡና የተከማቸበት ቤት አለ፣ ቅርስ አለ። እሳት ቢነሳ መኪናው በሩ ላይ ይቆማል፣ ጎማው ይዘረጋል። ጎማው በረዘመ ቁጥር ጫፉ ላይ የሚደርሰው ውኃ ይደክማል።

ቀደም ብለን ካየናቸው ነጥቦች ጋር አስተያዩት። ዳገቱ ትንሽ ነው፣ ችግሩ ሰበቃ ነው። ፖሊመሩ ከፓምፑ በኋላ ስለሚጨመር ምላጭ ውስጥ አያልፍም። ጎማውን ማስፋት አይቻልም፤ ወፍራም ጎማ በዚያ ጠባብ መንገድ አይዞርም። ውኃውንም ማንም አይጠጣውም። ሥራ ላይ የሚውለው በዓመት ጥቂት ሰዓት ስለሆነ የዱቄቱ ዋጋ አያሳስብም። ለከተማዋ የመጠጥ ውኃ ያልሠራው ስሌት ለከተማዋ እሳት ማጥፊያ ይሠራል። ጁገል ውስጥና ዙሪያው ንብረት ያላችሁ ነጋዴዎች፣ ከመድን ክፍያችሁ ጎን ለጎን ልታነሱት የሚገባ ጉዳይ ነው።

◾ ለሙጫና ለቅባት እህል ላኪዎች

«ፖሊመር ከዕፅዋትም ይወጣል፣ የእኛ ሙጫ ለነዳጅ ኩባንያ አይሸጥም?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። እንለየው።

ተልባ ስትዘፈዝፉት የሚያዝለገልገው፣ አብሽ ሲመታ የሚኮፈሰው፣ ባሚያ ሲቆረጥ የሚለጠጠው ነገር ረጅም የተፈጥሮ ፖሊመር ነው። እንዲህ ዓይነት የዕፅዋት ልጋጎች በላብራቶሪ ሰበቃ ሲቀንሱ ታይቷል። ድክመታቸው መጠኑ ብዙ መፈለጉና በቀናት ውስጥ መበላሸታቸው ነው።

ከሶማሌ ክልልና ከሌሎች ቆላዎች የሚለቀመው የግራር ሙጫ ግን ሌላ ነው። ሞለኪውሉ ቅርንጫፉ የበዛና የተኮማተረ ነው፤ ሊዘረጋ የሚችል ረጅም ክር የለውም። ለዚህ ነው ብዙ ሙጫ ብታሟሙ እንኳ ውኃው እምብዛም የማይወፍረው። ለለስላሳ መጠጥና ለከረሜላ የተፈለገውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ሰበቃ ቀናሽ አይሆንም። ገዢያችሁ የመጠጥ ፋብሪካው ነው፣ እሱን ያዙ።

በዚህ መስክ ዋጋው የጦዘው የአብሽ ዘመድ የሆነው ጓር ነው። ከዓለም ምርት አብዛኛው፣ 80 በመቶ ገደማ፣ ከሕንድ ነው የሚወጣው፤ በተለይ ከራጃስታን። አሜሪካ ውስጥ አለት እየሰነጠቁ ነዳጅና ጋዝ ማውጣት ሲስፋፋ፣ አሸዋ ተሸክሞ ስንጥቁ ውስጥ የሚገባ ወፍራም ፈሳሽ ለመሥራት የጓር ዱቄት ተፈለገ። በ2011 እና በ2012 እ.ኤ.አ. ዋጋው በዕጥፍ ዕጥፍ ዘለለ፤ ሕንድ በመጋቢት ወር 2012 እ.ኤ.አ. የጓርን የወደፊት ግብይት እስከማገድ ደረሰች። ገበሬው ማሳውን ሁሉ ጓር ዘራበት።

ከዚያስ? ገዢዎቹ ዋጋው ሲያማርራቸው ሌላ መንገድ ፈለጉ። አንዱ መንገድ ያው የዛሬው ርዕሳችን ነው፦ ውኃውን ማወፈር ትቶ በጥቂት ፖሊአክሪላማይድ አለስልሶ በፍጥነት መግፋት። የጓር ዋጋ ወረደ፣ ዘግይቶ የዘራው ገበሬ ከነምርቱ ቀረ።

ትምህርቱ ለማንኛውም ሸቀጥ ይሠራል። ምርታችሁን የሚፈልገው አንድ ኢንዱስትሪ ብቻ ከሆነ፣ ያ ኢንዱስትሪ በፋብሪካ የሚሠራ ምትክ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካለው፣ ዋጋው በጣም ሲወጣ ምትኩን ያመጣል። ተልባ ወይም አብሽ «ለነዳጅ ኩባንያ ይፈለጋል» የሚል ወሬ አንድ ቀን ቢመጣ፣ ከመዝራታችሁ በፊት የጓርን ታሪክ አስታውሱ።

◾ ባጭሩ

ሰበቃ ቀናሽ ፖሊመር እውነተኛ ነገር ነው፤ የሚቀንሰው ግን ሰበቃን ብቻ ነው። ወጪያችሁ ከፍታ ከሆነ አይረዳም። ወጪያችሁ ሰበቃ ከሆነ ቧንቧ ማስፋት ይቀድማል። ቧንቧ ማስፋት ካልተቻለ፣ መንገዱ ረጅም ከሆነና ውኃው ካልተጠጣ፣ ያኔ ዱቄቱ ቦታ አለው። ሻጩን ከማመናችሁ በፊት መለኪያውን አንብቡ።

የመስኖ ፓምፕ ያላችሁ ዩኒየኖች ሲቆምና ሲሠራ ያነበባችሁትን ሁለት ቁጥር በኮሜንት ላኩልን፤ ድርሻውን አብረን እናሰላለን። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉት። መልካም የገበያ ቀን!